የአባቴ አጠጣጥ

ሃያ ሦስት ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ወንበር ላይ የምቀመጠው በግማሽ ነበር። ሌላውን ግማሽ ለማን እንደምተወው አላውቅም። ባለቤቱ መጥቶ «ተነሺ» ቢለኝ ቶሎ ለመነሳት እንዲመቸኝ ይመስለኛል። ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚሄደው ቅጥቅጥ ውስጥ አንድ እግሬን መተላለፊያው ላይ አድርጌ፣ በዚያ ጠጠር መንገድ ስንት ጊዜ እንደተንገላታሁ እኔና ወገቤ እናውቃለን። አጠገቤ ያለው ሰው ጆንያውን ጭኔ ላይ ቢያሳርፍ ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን እዚያው አውቶቡስ ውስጥ ፍየል እግሬን ረግጣኝ «ይቅርታ» ብያታለሁ። ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል፤ አሁን እኔም እስቃለሁ። ያኔ ግን የሚያስቅ መሆኑ አይገባኝም ነበር።

እንዲህ ሆኜ አልተወለድኩም። የተወለድኩት ሸዋ ቤንች አካባቢ፣ ቡናና እንሰት በከበበው ቤት ውስጥ ነው። እኛ ቤት ማንም ድምፁን ዝቅ አያደርግም። አባቴ ከማሳው ማዶ ያለውን ጎረቤት የሚጣራው ከተቀመጠበት ሳይነሳ ነበር። ጠዋት ጠዋት ጨሞ እንጠጣለን። የቡና ቅጠል ተወቅጦ ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር ይፈላና በቅል ይቀዳል፤ ምላስ ይለበልባል። አባቴ ጨሞ ሲጠጣ ከንፈሩን አሹሎ ከቅሉ ጫፍ ላይ ከአየር ጋር አብሮ ይምገዋል። ድምፁ አጥር ይሻገራል። እኔም መጠጣት የተማርኩት ከእሱ ስለሆነ አጠጣጣችን አንድ ዓይነት ነበር። እናቴ ጓሮ ሆና ስትሰማ የትኛችን እንደጠጣን መለየት አቃተኝ ትል ነበር።

የሰፈራችን ትምህርት ቤት ከስድስተኛ ክፍል አያልፍም። ስለዚህ ሰባተኛን ለመማር ሚዛን አጎቴ ቤት ገባሁ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ አስተማሪ ነበር። ሚስቱን እትዬ እላቸው ነበር። ቤተሰቦቻቸው ከሰሜን የመጡ፣ እሳቸው ግን እዚያው ሚዛን የተወለዱ፣ ጾም የማያጓድሉ፣ ቤታቸው ሁልጊዜ የተጠረገ ሴት ናቸው። ክፉ አልነበሩም። ይህን ቶሎ መናገር እፈልጋለሁ፤ ዘመድ ቤት ተጠግቶ የተማረ ሰው ታሪኩን ሲጀምር ሰሚው ወዲያው ቀበቶና ረሃብ ይጠብቃልና። እትዬ አንድም ቀን አልመቱኝም። ከልጆቻቸው እኩል በልቻለሁ። ደብተሬን በጋዜጣ የሸፈኑልኝም እሳቸው ናቸው።

ነገሩ የሆነው በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ነው። ከሰዓት በኋላ አንዲት ትልቅ ሴት እንግዳ መጡና ሻይ ተፈላ። ለእኔም በብርጭቆ ተሰጠኝ። ትኩስ ስለነበር እንደ አባቴ አድርጌ ማግኩት። እንግዳዋ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። እትዬ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው ፈገግ እያሉ «እዚህ ቤት እንዲህ አይጠጣም፣ የኔ ልጅ» አሉኝ። በቃ፣ ይኸው ነው። አልጮሁም፣ አልተቆጡም። እኔ ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ ስጠጣ የሰማኝ ሰው የለም። ነገሩ በሻይ ቢቆም ጥሩ ነበር። እኔ ግን ያቺን ንግግር ወስጄ በሁሉም ነገር ላይ አዋልኳት። እንዲህ የማይጠጣ ከሆነ እንዲህም አይሳቅም፣ እንዲህም አይረገጥም፣ ሁለተኛ እንጀራም አይነሳም እያልኩ በራሴ ላይ ጨመርኩበት። በር ስከፍት አንድ ትከሻ የሚያሾልክ ያህል ብቻ ነበር። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቅኩ እጄን አላወጣም፤ አማርኛዬ የቤንች ቃና ስላለው የሚስቁ ልጆች ነበሩ። «ጠግቤያለሁ» እና «ግድ የለም» ማለትን ግን ከሁሉም በላይ ቻልኩበት። ሰው ሁሉ «ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይለኛል። ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር በጣም ደስ ይለኝ ነበር። የሚያስከፍለኝን አላወቅኩም።

አስራ ሁለተኛን ስጨርስ ነጥቤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ አልሆነም። ቴፒ አቅራቢያ አንድ የግል ቡና ማዘጋጃ ውስጥ ለቃሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራው ከደረቀው ቡና መሀል የተበላሸውን ፍሬ እየለዩ ማውጣት ነው። ሴቶቹ ረጅም ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ የሌሎቹ እጅም አፍም ይሮጣል፣ የእኔ ግን እጄ ብቻ። የተጠራጠርኩትን ፍሬ ወደ አፍንጫዬ አስጠግቼ አሸተው ነበር። የሚያየኝ ሰው ያለ አይመስለኝም።

በተቀጠርኩ በአራተኛው ዓመት አንድ ቀን ዋናው ቡና ቀማሽ ከኋላዬ ቆመው አገኘኋቸው። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ወደ ስድሳ የተጠጉ፣ ነጭ ጋዋናቸው ላይ የቡና ነጠብጣብ የማይጠፋ ሰው ነበሩ። ሥራቸው የእያንዳንዱን ጭነት ናሙና ቀምሶ ደረጃውን መናገር ነው።

«በአፍንጫሽ ነው እንዴ የምትለቅሚው?» አሉኝ።

«ይቅርታ።»

«ይቅርታ በይ መች አልኩሽ? የጠየቅኩሽን መልሺ።»

«አዎ» አልኩ፣ ለራሴም በማይሰማ ድምፅ።

ሁለት የተበላሹ ፍሬዎች ከጤነኞቹ ጋር ቀላቅለው መዳፋቸውን ዘረጉልኝ። ዓይኔን ጨፍኜ ለየሁላቸው። በሳምንቱ ቅምሻ ክፍል ገባሁ። ስምምነቱ ግልጽ ነበር፤ ሦስት ወር እማራለሁ፣ መጨረሻ ላይ ከሌላ ቦታ የሚመጡ ቀማሾች ባሉበት እፈተናለሁ። ካለፍኩ ቀማሽ እሆናለሁ፣ ከወደቅኩ ወደ ለቀማው ጠረጴዛ እመለሳለሁ። ለቀማው የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። ነገር ግን ከልቤ የፈለግኩት ነገር በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ስለገባ፣ መመለሱን ማሰብ አልፈልግም ነበር።

የቡና ቅምሻ ጨዋነት አያውቅም። ለአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ይደረደራል። በየሲኒው የተፈጨ ቡና ይደረግና የፈላ ውሃ ይፈስበታል፤ ትንሽ ቆይቶ ላዩ ይገፈፋል። ከዚያ ቀማሹ በማንኪያ ያነሳና ባለ በሌለ ኃይሉ ከአየር ጋር ይምገዋል። ቡናው አፍ ውስጥ ተበትኖ ምላስን፣ ላንቃንና የአፍንጫን ሥር ካልነካ ጉድለቱ አይያዝም። ከዚያ ይተፋል፤ ለእያንዳንዱ ሰው ረጅም መትፊያ አጠገቡ ቆሞለታል። ጋሼ ሲምጉ ቆርቆሮ የሚቀደድ ይመስላል። ሁለቱ ወንዶች ረዳቶቻቸውም ከእሳቸው አያንሱም፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲጀምሩ ውጭ ያሉት ለቃሚዎች ሥራ አቁመው ይስቃሉ።

እኔ ማንኪያዬን ወደ ከንፈሬ አስጠግቼ ፉት እላለሁ። ከዚያም እውጠዋለሁ።

አዎ፣ እውጠው ነበር። ሰው ቀድቶ የሰጠኝን ነገር ፊቱ እንዴት እተፋለሁ? መትፊያውን ባየሁ ቁጥር የእትዬ እንግዳ አፋቸውን በነጠላ ሲሸፍኑ ይታዩኛል። ስለዚህ ሌሎቹ ሲተፉ እኔም ፊቴን አዙሬ ጎንበስ እላለሁ፤ ቡናው ግን የሚወርደው ወደ ሆዴ ነው። ቀኑን ሙሉ፣ ሲኒ ከሲኒ። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ልቤ ያለ ምክንያት ይደልቃል። እርሳስ ስይዝ የምጽፈው ቁጥር ሁሉ ይወላገዳል። ቤት ያከራየችኝ ሴት ወባ ነው ብላ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ፤ ደሜ ታየ፣ ወባ የለም። ጋሼ «ይቺ ልጅ አሟታል» ብለው ሁለት ቀን ዕረፍት ሰጡኝ። ዳንኩ። ተመልሼ ገባሁና እንደገና ታመምኩ።

በአምስተኛው ሳምንት ይመስለኛል፣ ጋሼ መትፊያዬን አንስተው ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት።

«ይሄ ለምንድነው ደረቅ የሆነው?»

ማንኪያዬን መጥረግ ጀመርኩ።

«ትውጪዋለሽ እንዴ?»

አንገቴን ነቀነቅኩ።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ወንበራቸው ላይ ዘጭ ብለው እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ረዳቶቹም ሳቁ። እኔ ወለሉን አየሁ። ከዚያ ጋሼ ዓይናቸውን በጋዋናቸው እጅጌ ጠራርገው ሳቃቸውን ተዉና «ስሚኝ ልጄ» አሉ። «እዚህ የመጣሽው ለእንግድነት አይደለም። ቡናው አልጋበዘሽም፤ መርማሪዋ አንቺ ነሽ። ደግሞ ያ አቀማመስሽ ምን ይባላል? እየለመንሽው እኮ ነው። በደንብ ሳትምጊው የምትጽፊው ነጥብ ግምት ነው፤ ግምት ከፈለግኩ ለራሴም አላጣም።»

መትፋቱን በሳምንት ተማርኩ፤ የጤና ጉዳይ ነበርና። መማጉ ግን እምቢ አለኝ። ቡናው ከሚሰጣባቸው የማድረቂያ አልጋዎች ጀርባ በብርጭቆ ውሃና በማንኪያ እለማመዳለሁ። ብቻዬን ስሆን ደህና ይወጣልኛል። የሰው ኮቴ ስሰማ ከንፈሬ በራሱ ጊዜ ይዘጋል፤ ማንም አላዘዘውም። ለቃሚዎቹ አንድ ቀን ደርሰውብኝ «ምነው፣ ትንኝ ገባብሽ?» ብለው ሲስቁ ብርጭቆዬን ይዤ ሮጥኩ። በራሴ እበሽቅ ነበር። አፌ የራሴ ሆኖ ሳለ አልታዘዝ ማለቱ ያናድደኝ ነበር።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጋሼ ጠሩኝ። «ሰኞ እንግዶቹ ይመጣሉ። ስለ አንቺ አንዲት ቃል አልናገርላቸውም። ራሳቸው ይስሙሽ።» ይፈትኑሽ፣ ይዩሽ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። መሰማት ነበር የማልችለው። ከግቢው ወጥቼ በቀጥታ መኪና ተሳፈርኩና ወደ ቤታችን ሄድኩ። ምናልባት ከወደቅኩ በኋላ ከመሄድ ከመውደቄ በፊት መሄድ ይሻላል ብዬ ይሆናል።

እሁድ ከአምልኮ መልስ ዝናብ ያዘን። እሳት ዳር ተቀመጥን። እናቴ ጨሞ ቀድታልን ወደ ጓሮ ወጣች። አባቴ ማገው። ድምፁ እንደ ድሮው ነው፣ ትንሽ እንኳ አላረጀም። ያን ድምፅ ሦስት ወር ሙሉ ቴፒ ውስጥ በየቀኑ ስሰማው ከርሜ የማን ድምፅ እንደሆነ ሳላስተውል ቀርቼ ነበር። ነጩ ጋዋን ጋርዶብኝ ይሆናል። እኔ ቅሌን በሁለት እጄ ይዤ ፉት አልኩ።

አባቴ ቆይቶ አየኝ። «የሰረቀ ሰው ይመስል ለምንድነው ተደብቀሽ የምትጠጪው?» አለኝ በቤንችኛ።

«ከተማ የሚጠጣው እንዲህ ነው።»

«ይሄ ከተማ ነው?»

ዙሪያዬን አየሁ። እንሰት፣ ጭስ፣ ዝናብ። አይደለም።

«ልጅ ሳለሽ» አለ፣ «ከማሳ ስመለስ አጥሩ ጋ ስደርስ ስትጠጪ እሰማሽ ነበር። ያኔ፣ ቤት ሰው አለ፣ እል ነበር።»

ዓይኔ እንባ ሞላ። «ጭሱ ነው» አልኩት፤ እሱም ጭሱ ነው ብሎ ተቀበለኝ። ከዚያ ከንፈሬን አሹዬ ቅሉ ጫፍ ላይ አድርጌ ማግኩት። ላንቃዬ ተቃጠለ፣ ሚጥሚጣው እስከ ጆሮዬ ደረሰ። እናቴ ከጓሮ «ጨረሰ እንዴ? ለአባትሽ ልጨምርለት?» ብላ ጮኸች። አባቴ ቅሉን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ዝም ብሎ ነበር። ሁለታችንም ሳንመልስላት ሳቅን።

ሰኞ ጠዋት ቴፒም ይዘንብ ነበር። የተሰጠኝ ጋዋን እጅጌው ስለሚያጥረኝ የሹራቤ እጅጌ ከስሩ ብቅ ብሎ ይታያል። ሦስቱ እንግዶች ጠረጴዛውን ከበው ቆመዋል። ማንኪያዬን ሳነሳ ከንፈሬ እንደ ልማዱ ሊዘጋ ሲል ተሰማኝ። ቤት ሰው አለ፣ አልኩ በሆዴ። ማግኩት። የአንደኛው እንግዳ እርሳስ ወረቀቱ ላይ ቆመ። ውጭ ከለቀማው ጠረጴዛ አንዷ እልል አለች፣ ሌሎቹም ተከተሏት። ጋሼ ቀና አላሉም፤ ጆሯቸው ግን ቀልቷል።

ከዚያ በኋላ ቡናው ራሱን ተናገረ ማለት እችላለሁ። ለሦስት ወር በመጋረጃ ውስጥ ሳየው የነበረ ነገር ፊት ለፊቴ ቆመ። ሁለተኛው ናሙና ላይ ሁሉም «ንጹህ» ሲሉ እኔ «ሦስተኛው ሲኒ የበሰበሰ ልጣጭ ልጣጭ ይላል» አልኩ። የተናገርኩት እኔ መሆኔን ያወቅኩት ሁሉም ዞረው ሲያዩኝ ነው። ደግመው ቀመሱት። አንዱ እንግዳ አንገቱን ነቅንቆ የጻፈውን ሰረዘ፤ ሌሎቹም ተከተሉት።

እዚህ ላይ ብጨርሰው ታሪኩ ያምር ነበር። ግን ልቤ አብጦ አራተኛው ናሙና ላይ ደግሞ «ጭስ አለው» አልኩ። ቀመሱት። «የለውም» አሉ። «አለው እንጂ!» አልኩ፤ እኔ ነኝ እንዲህ ያልኩት። ደግመው ቀመሱ። የለውም። እኔም ደግሜ ማንኪያውን ወደ አፌ ሳነሳ ጭሱ መጣ፣ ሳወርደው ጠፋ። ማንኪያውን አስቀምጬ እጅጌዬን አሸተትኩ። የእናቴ ምድጃ እዚያው ሹራቤ ላይ ነበር።

ስድስት ሰው እያየኝ ነው። ድሮ ቢሆን ይቅርታ ብዬ ብዬ ጠረጴዛው ስር እገባ ነበር። «ተሳስቻለሁ» አልኩ፣ ሁሉም በሚሰማው ድምፅ። «ቡናው ንጹህ ነው። ጭሱ የሹራቤ ነው፤ ትናንት እናቴ ቤት እሳት ዳር ነበርኩ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ በድምፅ። እየሳቅኩ የሆነ ነገር እስኪወድቅብኝ ጠበቅኩ። ያን ሁሉ ዓመት የፈራሁት ነገር ይኸው ደርሶብኝ ነበር፤ በሰው ፊት ጮክ ብዬ ተናግሬ ተሳሳትኩ። ምንም አልወደቀም። እንግዶቹ ወደ አምስተኛው ናሙና አለፉ። ውስጤ ለዓመታት የተሸከምኩት ጆንያ ዱብ ሲል ተሰማኝ፤ እፎይ አልኩ።

ሲያልቅ ጋሼ ወረቀቶቹን ሰብስበው በአጠገቤ ሲያልፉ ቆም አሉ። «ጭስ ለብሶ የሚመጣ ቀማሽ ዛሬ ገና አየሁ። ነገ ሹራብሽን አጥበሽ ነይ።»

ነገ አሉ። ነገ እዚህ ነኝ ማለት ነው።

«በዚህ ዝናብ በአንድ ቀን አይደርቅም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ሌላ ልበሺ!» ብለው እየሳቁ ሄዱ።

በሳምንቱ ሚዛን ወርጄ እትዬ ጋ ሄድኩ። አጎቴ ሥራ ላይ ነበር፤ ልጆቹም አልነበሩም። እትዬ የምሥራቹን ሲሰሙ ሦስቴ ሳሙኝ። ወንበር ሰጡኝ፤ ጀርባዬ መደገፊያውን እስኪነካ ገብቼ ተቀመጥኩበት። እዚያ ቤት ስድስት ዓመት ኖሬ ያ መደገፊያ እንደሚወዛወዝ አላውቅም ነበር። ሻይ ቀዱልኝ። ልጠይቃቸው አስቤ አልመጣሁም፤ አፌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ስለ ሻይ አጠጣጤ የተናገሩኝን ያስታውሳሉ?»

«እኔ? ምን ብዬ?»

ነገርኳቸው። ቃላቸውን ሳልስት፣ ፈገግታቸው ሳይቀር። ግራ ገብቷቸው አዩኝ፤ እያስመሰሉ አልነበረም። እንግዳዋንና ነጠላውን ስጨምርላቸው ነው ትዝ ያላቸው። «ውይ! እሷ እኮ የእናቴ እህት ናት፣ ነፍሷን ይማርና። እሷ ፊት እኔ ራሴ ውሃ ስውጥ አይሰማም ነበር። እሷን ፈርቼ ነው የሚሆነው እንጂ... ከዚያ ወዲህ መች ደግሜ ተናገርኩሽ?»

«አልደገሙም።»

«ታዲያ?»

አስር ዓመት ሙሉ የጠበቅኳትን ሕግ ባለቤቷ በዚያው ዕለት ረስተዋት ኖሯል። ለአንድ አፍታ አበሽቆኝ ነበር። ግን በማን ልቆጣ? ብስጭቴ መቆሚያ ሲያጣ ወደ ሳቅ ተለወጠ። እትዬ ግን አልሳቁም፤ ወደ ብርጭቆዬ ጠጋ አሉ።

«እስቲ አሳዪኝ፣ እንዴት ነው የምትቀምሱት?» አሉ።

ከሻዩ በማንኪያ አንስቼ ማግኩላቸው። ደረታቸውን ያዙ። «በስመ አብ!» ብለው ሳቁ፣ አማተቡም። ከዚያ ማንኪያውን ከእጄ ወሰዱ። ወደ አፋቸው አድርሰው ቆም አሉና በተከፈተው በር ወደ ግቢው አዩ። «ጎረቤት ይሰማል እኮ» አሉኝ በሹክሹክታ፤ ተነስተው በሩን ገርበብ አደረጉትና ተመልሰው ተቀመጡ። የመጀመሪያው ትን አላቸው፣ ሻዩም ነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ሁለተኛው ድምፅ አልነበረውም።

«በደንብ ይማጉት እትዬ» አልኳቸው፤ ተነስቼም በሩን መልሼ ከፈትኩት።